ለቪዛው የተፈለገችው ወለተ ማርያም

ባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ቆማችሁ ወደ ማዶ ብታዩ፣ ውኃው ላይ የተኛ ጥቁር ነገር ይታያችኋል። እሱ ዘጌ ነው። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት በየጧቱ እያየሁት ኖሬ አንድ ቀን እግሬን አላነሣሁም። እናቴ የዘጌ ሰው ናት፤ እኔም እዚያው ተወልጄ በጀርባዋ ታዝዬ ነው ወደ ከተማ የመጣሁት። ግን "ልሂድና አገሩን ልየው" ባልኋት ቁጥር "ወባ አለ" ትለኝ ነበር። ራሷ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻዋን ትሄዳለች። ወባው እሷን የሚያውቃት መሰለኝ። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዘጌን ያየሁት እሷ ከሄደች በኋላ ነው። የወሰደኝም የአውሮፓ ቪዛ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ከደንበኞቼ ልጆች ደብተርና ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ አንብቤ ያገኘሁት ነው። ባሌ ፒተር ቤልጂጋዊ ነው፣ እዚሁ ኮሌጅ ስለ ውኃ ያስተምራል። እናቱ ሰማንያ አልፏታል፣ ልቧ ስለደከመ እኛ ዘንድ መብረር አትችልም፤ እኔንም በስልክ እንጂ በዐይኗ አይታኝ አታውቅም። ዘንድሮ ፖርቱጋል ባሕር ዳር ቤት ተከራይታ "ልጅቱን ሳላያት አልሙት" አለች።

ፒተር ሕጉን አጥንቶ መጣ። የቤልጂግ ሰው ሚስቱን ወደ ገዛ አገሩ ለሽርሽር ሲወስዳት የባንክ ደብተር፣ የጉዞ ዋስትና፣ ትመለሳለች የሚያሰኝ ማስረጃ ይጠየቃል። ወደ ሌላ የኅብረቱ አገር አብሯት ሲሄድ ግን ቪዛው በነፃ ነው፤ የሚፈለገው ፓስፖርቷ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳይ ወረቀት ነው። "በጣም ቀላል" አለ ፒተር። እኔ "ቀላል" የሚባል ነገር እፈራለሁ።

አዲስ አበባ የቪዛ ማመልከቻ የሚቀበሉበት ቢሮ ገባን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የጋብቻ ወረቀታችንን አይታ መለሰችልን። ባሕር ዳር ጋብቻችንን የመዘገበው ጸሐፊ ስሜን የገለበጠው ከመታወቂያዬ ሳይሆን ከቆረብንበት ቤተ ክርስቲያን ወረቀት ኖሯል። ፓስፖርቴ ትርንጎ ይላል። የጋብቻው ወረቀት ፒተር ያገባት ወለተ ማርያም የምትባል ሴት ናት ይላል። ወለተ ማርያም የክርስትና ስሜ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለሌላ የማይነገር። ባሕር ዳር ተመልሰን ጋብቻ መዝጋቢው ቢሮ ለማሳረም ስንሄድ፣ "ከተጠመቅሽበት ደብር ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በሦስት ምስክር አጽፈሽ አምጪ" አሉኝ። አዲሱ የቪዛ ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። ያ ካለፈ የአማቴ ኪራይም ያልቃል።

ማክሰኞ

ጀልባዋ ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ተነሣች። የየብሱ መንገድ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ በሆነበት ሰሞን ስለነበር ሰው ሁሉ በውኃ ነው። ዘጌ ውስጥ በሬ አይጠመድም፣ ከጥንት የተገዘተ ነው፤ ስለዚህ እህሉ ከዚህ ይሄዳል። እኔም የተሳፈርሁት ጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። የጀልባዋ ባለቤት አያ ደሴ ይባላል፣ የእናቴ ሰፈር ሰው ነው። የማን ልጅ እንደሆንሁ ስነግረው ሞተሩን ቀነስ አድርጎ ትንሽ አየኝ፣ ከዚያ ከጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ አየ፣ ከዚያ ሞተሩን መልሶ ጨመረ።

ስንወርድ ድንጋዩ አዳለጠኝና እስከ ወገቤ ውኃ ገባሁ። አያ ደሴ ዘሎ መጥቶ እኔን ትቶ ወረቀቴን የያዘችውን ክላሴር ያዘ።

"እኔስ?" አልሁት።

"ሰው ይዋኛል እቴ። ወረቀት አይዋኝም።"

"መዋኘት አልችልም።"

"የጣና ዳር ልጅ ሆነሽ? እናትሽ እታፈራሁ ምን አስተማረችሽ ታዲያ?"

"ስፌት።"

"ስፌትማ አሁን ምን ያደርግልሻል" ብሎ በቀሚሴ እጅጌ ጎትቶ አወጣኝ።

ከዳር እስከ ሰፈሩ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ጫካው ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ምሽት ነው። የባሕር ዳር ዘምባባ በመሥመር ቆሞ ያሳልፋችኋል፤ የዘጌ ዛፍ ግን መንገዱን ከኋላችሁ ይዘጋዋል። በሬ ስለሌለ ጅራፍ አይጮህም፤ የሰው ድምፅም ቅጠሉ ይበላዋል። ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ሰው የሚከተላችሁ ሲመስላችሁ አንገታችሁ ቀድሞ ያውቃል።

ያደርሁት ከአያ ደሴ እህት ቤት ነው፤ ወይዘሮ አንጓች ትባላለች። እርጥብ ቀሚሴን አስወልቃ የራሷን አለበሰችኝና ምሳ አቀረበች። ለእሷ አንድ ቆሮሶ ዓሣ፣ ለወንድሟ አንድ፣ ለእኔ ሁለት። ጠላውም ለእኔ ሁለት ብርጭቆ ተቀዳ። እንግዳ ማክበሯ ነው ብዬ አንደኛውን ዓሣ ልመልስላት ስል ሁለቱም አቀረቀሩ።

"ይቀመጥ" አለች አንጓች ቀስ ብላ። "ካልተበላም ይቀመጥ።"

እኛ ባሕር ዳር እንግዳን "ብላ ብላ" ብለን እናስጨንቃለን እንጂ የማይበላ አናቀርብም። ወደ መኝታዬ ስገባ መደቡ ላይ ሁለት ትራስ ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንጓችን ሰው ይመጣል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። "ማን ይመጣል" አለችኝ። አንዱን ትራስ አንሥቼ እግሬ ሥር አደረግሁት። ስነቃ ቦታው ተመልሶ አገኘሁት። አንጓች ልታለብሰኝ ገብታ መልሳው ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርሁት።

ረቡዕ

ደብሩ ከሰፈሩ ሽቅብ ነው። መሪጌታ ልሳነ ወርቅ የሚባሉ፣ ቅስናም ያላቸው ሽማግሌ ዋንዛ ሥር ተቀምጠው ተቀበሉኝ። ስለ ቪዛው ስነግራቸው በጣም ገረማቸው።

"ባልሽ ለሚስትነትሽ ምስክር የሚያስፈልገው ባሕር ሲሻገር ብቻ ነው?"

"እዚህማ ማን ይጠይቀናል መሪጌታ። እዚያ ነው የሚጠይቁ።"

"እሱ ባሕር ዳር ሲመጣስ ማን ጠየቀው?"

"ማንም።"

"ደግ ሕዝብ ነን እንግዲህ" ብለው ሳቁ፤ ተነሥተውም አንድ ያረጀ ደብተር ይዘው መጡ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ቄስ የጻፉት የጥምቀት መዝገብ ነው። ጣታቸውን እያስኬዱ አገኙት። "ወለተ ማርያም፣ የእታፈራሁ ልጅ። አለሽ። ሦስት ምስክር ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ፤ ደሴ አለ፣ አንጓች አለች፣ ሦስተኛዋ ግን ክርስትና ያነሡሽ እማሆይ ሙሉ መሆን አለባቸው።"

የክርስትና እናቴ በሕይወት መኖራቸውን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እናቴ አንድ ቀን አላነሣችልኝም። ደስ ብሎኝ ወደ ደብተሩ ሳጎነብስ፣ ከስሜ ሥር በዚያው ቀለም የተጻፈ ሌላ ስም አየሁ። ወለተ ሐና ይላል። ከፊቱ የሞት ምልክት መስቀል ተደርጎበታል።

"ይቺ ማን ናት?"

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። "እናትሽ በየዓመቱ ጧፍ ይዛ ትመጣላት የነበረችው ናታ። እህትሽ ናት ልጄ፣ መንታሽ። በአንድ ቀን ነው የተጠመቃችሁት።"

መንታ እንደነበርሁ አላውቅም ነበር። ዋንዛው ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁ። መሪጌታም ሳልጠይቃቸው የሁለቱን ዓሣ ነገር ነገሩኝ፤ በዚህ ሰፈር መንታው የሞተበት ሰው እንግዳ ሆኖ ሲመጣ ለብቻው አይቀርብለትም። ሁለት ይቀርባል፣ ሁለት ይነጠፋል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሳላውቅ የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ስልክ የሚይዘው ከዳር ቆሞ ወደ ባሕር ዳር ሲዞሩ ብቻ ነው። ወረድሁና ለፒተር ደወልሁ።

"ወረቀት አለ?" አለኝ በዚያ በሚወላገድ አማርኛው።

"ወረቀት ሊኖር ነው። እህትም አለችኝ።"

"አንቺ እህት የለሽም።"

"ነበረችኝ።"

"ከአንቺ ጋር ሰው አለ?" አለኝ። "ሲተነፍስ ይሰማኛል።"

ነፋስ ነው አልሁት። ሐይቁ ግን እንደ ብርጭቆ ረግቶ ነበር፤ ደንገሉ እንኳ አይነቃነቅም።

ሐሙስ

እማሆይ ሙሉ ከቅጥሩ ውጭ በአንዲት ጎጆ ይኖራሉ። ዐይናቸው ደክሟል። አጠገባቸው እንደተቀመጥሁ እጃቸውን ዘርግተው ከግራ ጆሮዬ ኋላ ዳበሱ፤ እዚያ አንዲት ትንሽ እብጠት አለችኝ፣ ፀጉር የሚሠራኝ ሰው ብቻ የሚያውቃት።

"መጣሽ ወለተ ሐና" አሉኝ።

"ወለተ ማርያም ነኝ እማሆይ። ወለተ ሐናማ የሞተችው ናት።"

እጃቸውን አላነሡም። "መሪጌታ ለምን ነው የላኩሽ?"

"ለምስክርነት። ወለተ ማርያም እኔ መሆኔን መስቀል ላይ እንዲምሉልኝ።"

"እሱን አልምልም።"

ለምን እንደሆነ ስለምናቸው ቆይተው ነገሩኝ። እንደነገሩኝ እጽፈዋለሁ።

"ሌላ የክርስትና እናት ታጥቶ ሁለታችሁንም ያነሣሁ እኔ ነኝ። በቀኜ ወለተ ማርያም፣ በግራዬ አንቺ። ጆሮሽ ሥር ያለችውን በዚያ ቀን አውቄያታለሁ። በሳምንቱ የቀኜ ሞተች። እናትሽ ታቅፋት ስትመጣ ቄሱ ስሟን ጠየቋት። 'ወለተ ሐና' አለች። አጠገቧ ቆሜያለሁ። ልናገር ስል እጄን ያዘችኝ።"

"ለምን?"

"ከእናንተ በፊት ሦስት ቀብራለች ልጄ። ወጥተን ስንሄድ እንዲህ አለችኝ፤ 'ሙሉ፣ ሞት ወለተ ማርያምን ቢፈልግ ወስዷታል። ወለተ ሐናን ቢፈልግ መቃብሯን ያሳዩታል። ይቺን የቀረችኝን በማን ስም ይጠራታል?' ከዚያም ይዛሽ ከዚህ አገር ወጣች፤ ስምሽን የሚያውቅ እንዳይጠራሽ።"

ያን ጊዜ ከውጭ ደረቅ ቅጠል የሚረግጥ እግር ሰማሁ። እማሆይም ሰሙ፤ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። እስኪያልፍ ሁለታችንም ዝም አልን። አላለፈም፤ በሩ ዘንድ ደርሶ ቆመ። ተነሥቼ ብከፍት የቡናው ዛፍ ብቻ ነው።

"ተዪው" አሉ እማሆይ። "ስም ሲነሣ እንዲህ ነው።"

በሰርጌ ቀን ቄሱ የክርስትና ስሜን ሲጠይቁኝ እናቴ አፌን ቀድማ እንደመለሰች ትዝ አለኝ። እንግዲህ ፒተር በወረቀት ያገባት ሴት አንድ ሳምንት ብቻ ክርስቲያን ሆና የኖረች ሕፃን ናት። እናቴ እስክታርፍ በየዓመቱ ሲፈታላት፣ ጧፍ ሲበራላት የኖረችው ደግሞ እኔ ነኝ።

እማሆይ እጄን ጨበጡኝ። "አማትሽ አሮጊት ናት አልሽ?"

"ሰማንያ አልፏታል።"

"እንግዲያው እምላለሁ። አሮጊት መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ወለተ ማርያም እሷ ናት እላለሁ፤ ሌላ የሚያውቅ የለም፣ ኀጢአቱን እኔ ይዤው እሄዳለሁ። ሩቅ አይደለም መንገዴ።"

በዚያ ሰዓት "እሺ" ብል ወረቀቱ በእጄ ነበር። አልዋሻችሁም፣ አፌ ውስጥ ነበረች ቃሏ። ግን ሴትዮዋ በዚህ ዕድሜያቸው ለእኔ ሽርሽር ሐሰት ምለው ሊሞቱ ነው። ያቺንም ሕፃን በገዛ ስሟ አንድ ቀን እንኳ "ነፍስ ይማር" ያላት የለም። አማቴን አየኋት በሐሳቤ፣ ባሕሩ ዳር ወንበር ላይ። ይቅር በይኝ አልኋት።

"አይምሉም እማሆይ" አልኋቸው። "ለመሪጌታ እኔው እነግራለሁ።"

ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ስል ነበር።

"እታፈራሁ" አሉ መሪጌታ። "ሞትን አታለለች፣ እሱስ ይሁን። እኔን የሕያው ፍትሐት ታስፈታኝ? በየዓመቱ በእጄ ዳቦ እየሰጠች?"

"ይፍቷት መሪጌታ።"

"እሷንማ እፈታታለሁ። ወረቀቱን ግን ያለውን ነው የምጽፈው፣ የተጠመቅሽበትን፣ የተጠራሽበትን፣ ሁለቱንም። ቢሮው ካልተቀበለሽ እኔ የምጨምረው የለኝም።"

ከዚያ ደብተሩን ከፍተው ከወለተ ሐና ፊት ያለውን መስቀል በምላጭ መፋቅ ጀመሩ። ወረቀቱ አርጅቷልና ተበሳ። በቀዳዳው የኋለኛው ገጽ ስም ታየ፤ የማን እንደሆነ አላነበብሁትም።

ዓርብ

ከኪዳን በኋላ ወደ መቃብሩ ሄድን። ሦስት ድንጋይ ናት፣ ቡና በቅሎባታል። አያ ደሴና አንጓች ከኋላ ቆሙ፤ እማሆይ በእኔ ክንድ ተደግፈው መጡ። መሪጌታ ጸልየው ጸልየው "ነፍሰ ወለተ ማርያም" ሲሉ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን በዚህ ስም የቆረብሁ፣ ከንፈሬ ሳላዘው ተከፈተ። እማሆይ መዳፋቸውን አፌ ላይ አደረጉ።

"አንቺን አይደለም" አሉኝ በጆሮዬ። "እሷን ነው።"

ስንጨርስ አንጓች ምሳ አቀረበች። አንድ እንጀራ፣ አንድ ብርጭቆ። ለምን እንደቀነሰች አልጠየቅኋትም፤ ልትነግረኝም አልሞከረች። እህትሽ በሰላም ገብታለች ማለቷ ነው መሰለኝ።

መሪጌታ የጻፉትን ወረቀት ማኅተም አድርገው ሰጡኝ። ሦስቱም ምስክሮች ጣታቸውን አሳርፈውበታል፣ እማሆይም። ስሰናበታቸው እማሆይ ሳቡኝና፣ "ስምሽ ወጥቷል እንግዲህ፣ መሸሸጊያ የለሽም" አሉኝ። "ሰው ሲጠራሽ ያንዱን ጊዜ አትመልሺ። ሰው ከሆነ ሁለተኛ ይጠራል፤ ሞት የሚጠራው አንዴ ነው።"

አያ ደሴ በመልሱ ጀልባ ላይ ከጎኔ ያለው ቦታ ላይ አንድ ጆንያ ሎሚ ጫነበት። "አሁን ባዶ ነው" አለ።

ከተመለስሁ በኋላ

ፒተር ወደቡ ላይ ቆሞ ነበር። ነገሩን ስነግረው ሁለት ጊዜ አስደገመኝና፣ "እና እኔ ያገባሁ ማን ነው?" አለ። "አጠገብህ የቆመችውን ነዋ" አልሁት። ለአማቴም ደውሎ ነገራት። እኔ ፈረንሳይኛ አልሰማም። "ለሁለቱም ሻማ አበራለሁ፣ ግን አንዷ ትምጣልኝ" ማለቷን ተረጎመልኝ።

ጋብቻ መዝጋቢው ቢሮ ስንሄድ የክፍሉ ኀላፊ የመሪጌታን ጽሕፈት ሦስት ጊዜ አነበበው። "እኔ የክርስትና ስም ላይ ሥልጣን የለኝም" አለ በመጨረሻ። "መታወቂያዋ ትርንጎ ነው፣ ያቆረባትም ቄስ ያቆረባት እሷን ነው፤ ይህ ደብዳቤም ስሙ እንዴት እንደተምታታ ያስረዳል። እሱን እናርማለን።" ዐሥር ቀን ፈጀ። ቀጠሮው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ትርንጎ የሚል የጋብቻ ወረቀት በእጄ ገባ። እውነቱ ወረቀቱን ያበላሽብኛል ብዬ ስፈራ ነበር፤ ለካ ሳያልፍ የሚቀረው የተሸሸገው ነበር።

አዲስ አበባ ወረቀቱን አስገብተን ከጥቂት ቀን በኋላ ፓስፖርቱን ልንቀበል ሄድን። ብዙ ሰው ተቀምጧል። ልጅቱ ከመስኮቱ ኋላ ስሜን ጠራች።

የእማሆይን ቃል አስቤ ዝም አልሁ። ፒተር በክርኑ ነካኝ፣ ዐይኑ ቪዛው እንዳያመልጠን ይለማመጠኛል። አልተነሣሁም። ያን ጊዜ ከኋላዬ፣ ከግድግዳው ጋር ካለው ወንበር፣ አንዲት ሴት ቀስ ብላ "አቤት" ስትል ሰማሁ። ድምፅዋ የእኔን ይመስላል። ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል፤ ማንም ቀና አላለም። እኔም የመለሰችልኝን አውቃታለሁና ዞሬ አላየሁም።

ልጅቱ ሁለተኛ ጠራች። ተነሥቼ ሄድሁና ፓስፖርቴን ከነቪዛው ተቀበልሁ።